ዘመድ ጋ ነበርን

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ሚስቴ ታውቃለች፤ ቆማ አይታዋለች። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እሷም አላነሳችው፣ እኔም አላነሳሁት። ለቄሱ ስናዘዝ እንኳ «ዋሽቻለሁ» ብዬ በደፈናው አልፌዋለሁ። የማይዋሽ ማን አለ? እኔ ግን የዋሸሁት በልጄ አፍ ነው።

ያን ጊዜ ቡራዩ ተከራይተን ነበር የምንኖረው፤ እኔ፣ ባለቤቴ አስቴርና አንዲት ልጃችን ማርታ። ካቶሊኮች ነን። ቀድሞ በነበርንበት ሰፈር ሰዉ «ካቶሊኮቹ» እያለ ሲጠራን አንገቴን ደፍቼ ነበር የማልፈው። ማንም አልነካንም። መጠራቱ ብቻ ነው የከበደኝ። እናም አዲሷ አከራያችን እማማ ጥሩነሽ ክፍሉን እያሳዩኝ «ክርስቲያን ናችሁ አይደል? ደብራችሁ የት ነው?» ሲሉኝ «ማርያም» አልኳቸው። ሐሰት አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያናችን በእመቤታችን ስም ነው የሚጠራው። እሳቸው ግን የሰሙት የራሳቸውን ደብር፣ የኦርቶዶክሷን ማርያም ነው። እያወቅሁ ዝም አልኩ።

እማማ ማርታን ወደዷት። ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው ጸጉሯን ይሠሯታል። «ኢንተላ ኮ» ይሏታል በኦሮምኛ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከእርሻቸው እሸት ሲመጣ መጀመሪያ የምትቀምሰው እሷ ነበረች።

ሁልጊዜ ከራት በፊት መቁጠሪያ ይዘን አብረን እንጸልያለን። ከአባቴ የወረስኩት ልማድ ነው። ማርታ ታዲያ ስትጸልይ ትጮኻለች። «ጸጋን የተሞላሽ ማርያም ሆይ» ያለች እንደሆነ ግቢው በሙሉ ይሰማል። እኔ ብድግ ብዬ መስኮቱን እዘጋለሁ።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«እመቤታችን ሰማይ ቤት ናት አላልክም?» ትለኛለች። «ሰማይ እኮ ሩቅ ነው።»

አስቴር ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ፤ መስኮቱን ግን አልከፍተውም።

ማርታ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቆርብበት እሑድ ደረሰ። አስቴር እጅጌው ዳንቴል የሆነ ነጭ ቀሚስ አሰፍታላት ነበር። ጠዋት ስንወጣ እማማ ቅዳሴ ሄደው ስለነበር አላዩንም። ማርታ ቀሚሱ እንዳይጨማደድ ብላ ታክሲው ውስጥ ጉልበቴ መሃል ቆማ ሄደች፣ ቆማ ተመለሰች። ቆርባለች፣ ዘምራለች፣ ደስታዋ ፊቷ ላይ ነው። «አሁን ለእማማ ነው የማሳያቸው» ትላለች ደጋግማ። እሷ እንዲህ ባለች ቁጥር እኔ ወደ ውጭ አያለሁ።

ከታክሲ እንደወረድን አንድ የተዘጋ ሱቅ ጀርባ ወሰድኳት። አስቴር ለከሰዓት ጨዋታ ብላ የዘወትር ልብሷን በፌስታል ይዛላት ነበር። ፌስታሉን ከአስቴር ተቀበልኳት።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችኝ።

«ይቆሽሻል፣ እንቀይርላት።»

አስቴር ትክ ብላ አየችኝ። «እኔ አላደርገውም። አንተው አውልቅላት።»

አወለቅሁት። እኔ፣ በገዛ እጄ። ማርታ እንደ ልማዷ ክንዶቿን ሽቅብ ዘረጋችልኝ። ጭንቅላቷ ገና ቀሚሱ ውስጥ እንዳለ «አባዬ፣ አጠፋሁ እንዴ?» አለች። አላጠፋሽም፣ እኔ ፈሪ ስለሆንኩ ነው ማለት ያቅተኝ ነበር? «አይ፣ እንዳይቆሽሽብሽ ነው» አልኳት። ነጩን ቀሚስ አጣጥፌ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩት።

እማማ ከቅዳሴ ተመልሰው በር ላይ ተቀምጠዋል። «አካም ኦልተን! እንዴት ዋላችሁ! የት ውላችሁ ነው?» አሉን።

ማርታ ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ በይ ያልኳት ነገር አልነበረም። ወደ እማማ ዞረችና «ዘመድ ጋ ነበርን» አለች።

ጌታን በተቀበለችበት ምላስ፣ በዚያው ቀን። ማን አስተማራት? ቃሉን አልነገርኳት ይሆናል፤ ፍርሃቱን ግን ያስጠናኋት እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ለጸሎት ስንቀመጥ ማርታ ማንም ሳይነግራት ተነሥታ መስኮቱን ዘጋችው። ስትጸልይም ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

ቅዳሜ «መናዘዝ እፈልጋለሁ» አለችኝና ወሰድኳት። ስትወጣ ቀለል ብሏት እጄን ያዘች። «ለእማማ የዋሸሁትን ለአባ ነገርኳቸው» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስለ አንተ ግን ምንም አላልኩም።»

ልጄ የኔን ኃጢአት የራሷ አድርጋ ተናዘዘች፤ እኔን ደግሞ ሸፈነችኝ። እኔስ? ተራዬ ሲደርስ ገባሁና፣ «ዋሽቻለሁ» ብዬ በደፈናው አልፌ፣ ስለ ንዴቴ አወራሁ።

በማግስቱ እማማ ዘንድ ሄጄ ካቶሊኮች መሆናችንን ነገርኳቸው። «ይሁን እንጂ ለምን ደበቅኸኝ? ክፉ ሰው መሰልኩህ?» አሉኝ።

«ኧረ በፍጹም፣ እማማ።»

«መስዬህ ነዋ» አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። ሁለት ሦስት ቀን አኮረፉኝ፤ ማርታን ግን ጸጉሯን መሥራት አላቆሙም። ስለ ቀሚሱ አልነገርኳቸውም። እሷን በነጭ ልብስ የማየት ደስታ እንደነፈግኳቸው ሳያውቁ ነው ያረፉት።

ከዚያ ወዲህ ለጸሎት ስንቀመጥ መስኮቱን እየከፈትኩ ጠበቅሁ። የማርታ ድምፅ ወዲያው አልተመለሰም፤ ቀስ በቀስ ነው፣ መጀመሪያ በሹክሹክታ። አንድ ቀን «አሜን»ን ስትጮህ አስቴር አለቀሰች።

አሁን የምንኖረው ሰበታ ነው። ማርታ አድጋ በቤተ ክርስቲያናችን ለቁርባን የሚዘጋጁ ሕፃናትን ታስተምራለች። ሰሞኑን አንድ ነገር ለመነችኝ። «አባዬ፣ ለወላጆቹ ንግግር አድርግላቸው። የኛን ቤት ጸሎት፣ አንተ እንዴት እንዳሳደግኸኝ ንገራቸው።»

ምን ልበላቸው? አባቴ ያስተማረኝን አስተማርኳት ልበል? ያስተማርኳትን ነገር ሁሉ ልናገር ካልኩ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ልዝለለው? ልዘለው አልችልም። ከወላጆቹ በፊት ግን የነገሩ ባለቤት ማርታ ትስማው፤ ዛሬ ከራት በፊት እናቷ ባለችበት እነግራታለሁ።

ማርታ ልጄ፣ አላጠፋሽም ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰው ፈርቼ ነው፣ ቤት እንዳላጣ ብዬ ነው አልልሽም፤ ማንም ውጣ አላለኝም። አፍሬ ነበር፤ ያሳፈርኩት ግን አንቺን ነው። ይቅር በይኝ።