ፈቲያ የደፈነቻቸው ቀዳዳዎች

የፈቲያ አንድ ተራ ቀን አራት ታክሲ ያስከፍላታል። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ መርካቶ፣ መልሱም እንዲሁ። የምሳዋ ሻይና ዳቦ፣ ለልጇ ለሶፊ የምትገዛት ብስኩት፣ በታክሲ ሰልፍ የሚያልቀው ጊዜ ሲጨመርበት መርካቶ ዩኒፎርም ሰፍታ የምታገኘው ገንዘብ እኩሌታ መንገድ ላይ ይቀራል። ከሁሉ የሚከብዳት ግን እቤት ስትደርስ የአራት ዓመቷን ሶፊን ተኝታ ማግኘቷ ነው።

ሶፊን የምታውልላት ተረፈች የምትባል ጎረቤታችን ሐምሌ ሲገባ ወደ ዓለም ገና ልትዛወር ነው። ፈቲያ ይህን ለአሠሪዋ ነግራ፣ ጨርቁን ወስዳ እቤቷ እንድትሰፋ ተፈቀደላት። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ተሰጣት፤ ሻጋታ የነካው ዩኒፎርም ተመላሽ ነው።

ቦታ አልቸገራትም። ቤታቸው ቁልቁለት ላይ ስለተሠራ ከሥሩ ኮረብታውን በያዘ የድንጋይ ግንብ የታጠረ ባዶ ምድር ቤት አለ። ባሏ ሐሰን ዱከም ፋብሪካ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ሐሳቧን ስትነግረው "እዚያ ውስጥ አንቺ ትሰፊያለሽ፣ ጅብ ይለብሳል" ብሎ ሳቀባት። እሷ ግን አርፋ መቀመጥ አልሆነላትም።

ግንቦትን ሙሉ ከመርካቶ በተመለሰች ቁጥር ልብሷን ለውጣ ወደ ታች ትወርዳለች። ከፈረሰ ቤት በርካሽ መስኮት አገኘች። አሸዋውን ራሷ በባልዲ አመላለሰች። የወለሉን ሊሾ አንድ ግንበኛ በግማሽ ቀን ሠራላት፤ የግድግዳውን ልስን ግን ለራሷ አስቀረችው። በግንቡ ግርጌ ክንድ የሚያስገቡ አምስት ቀዳዳዎች ነበሩ። ቤቱን የሠሩት ሰዎች ረስተዋቸው የቀሩ መሰላት። የአይጥና የብርድ መግቢያ ናቸው ብላ በሲሚንቶ ደፈነቻቸው፤ ለሰነችና ነጭ ቀለም ቀባች። እኔም ጎረቤቷ ገብቼ አድንቄያለሁ፤ እውነትም ቤት መስሎ ነበር።

ሰኔ ገባ። መርካቶ ተቀምጣ ሰማዩ በቡራዩ በኩል ሲጠቁር ባየች ቁጥር መርፌ ይሰበርባት ጀመር። ሁለተኛው ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ብትወርድ ቀለሙ አብጧል፤ ግድግዳው እንዳላበው ግንባር ረጥቧል። በማግሥቱ ሌላ ሲሚንቶ ልትገዛ ስትሮጥ ኦቦ ኢተፋን መንገድ ላይ አገኘቻቸው። መሬቱ ሳይሸነሸን የእሳቸው ማሳ ነበር። በኦሮምኛ አከም ጅርቱ ብለው ሰላምታ ተለዋውጠው ችግሯን ስትነግራቸው ተከትለዋት ወረዱና ግድግዳውን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት።

"ቀዳዳዎቹስ?"

"ደፈንኳቸው፣ ኦቦ።"

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያልታለበች ላም ጡቷ አብጦ ይቆስላል። ይሄም ኮረብታ ክረምቱን ሙሉ መታለብ አለበት። ሲሚንቶውን ተይውና መሮ አምጪ።"

ለፍታ ያሳመረችውን ግድግዳ በመሮ መምታት ጀመረች። የመጀመሪያው ቀዳዳ ሲከፈት ጭቃማ ውኃ ቀሚሷ ላይ ተረጨ። አምስቱንም ከፈተች። በግንቡ ግርጌ ሊሾውን ሰብራ ጠባብ ቦይ አወጣች፤ ውኃው በዚያ አድርጎ በበሩ ሥር ወደ ውጭ ይወርዳል። ያበጠውን ልስን ፍቃ ድንጋዩን እንዳለ ተወችው። ሐሰን ቅዳሜ መጥቶ "ወንዝ ያለው ቤት ሆነልን" አለ፤ ቢሆንም የጨርቁን መደርደሪያ ከግንቡ አርቆ ብሎኬት ላይ አቆመላት።

ተረፈች እሑድ ሄደች። ሰኞ ፈቲያ የመጀመሪያውን ጥቅል ዩኒፎርም አወረደች። አንድ ቀሚስ ሰፍታ እስክትጨርስ ሦስት ጊዜ ተነስታ ጨርቁን በመዳፏ ትዳስሳለች። እስካሁን ደረቅ ነው። ሶፊ ክር ያለቀባቸውን ማጠንጠኛዎች ቦዩ ላይ እየለቀቀች በር ድረስ ታሳድዳቸዋለች።

የሚያስፈራው ነሐሴ ነው። ቦዩ የሚችለው ኮረብታው የሚያወጣውን ውኃ ብቻ ነው፤ ከላይ ያሉት ቤቶች የጣራቸውን ውኃ ኮረብታው ላይ ሲለቁ ወዲያው ጢም ይላል። ታሪኳን እንደምጽፍ ስነግራት ይህን ብቻ ጻፊልኝ አለችኝ፦ "ከሰው ቤት በላይ የምትኖሩ፣ ዝናብ ሲጥል እባካችሁ አንዴ ውጡና የአሸንዳችሁ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ እዩልኝ። ወደ መንገዱ ቦይ ማዞር የሁለት ሜትር ቱቦ ጉዳይ ነው።"