የመስመር ዳኛ ቤት

በቅርቡ ከመናኸሪያ ወደ ቤቴ በእግሬ ስሄድ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት አጥር ጀርባ ጠንከር ተደርጎ የተመታ ኳስ ድምፅ ሰማሁና ባለሁበት ቆምኩ፤ ያ ድው የሚለው ድምፅ ለሌላው ሰው ኳስ ነው፣ ለእኔ ግን አባቴ ነው። አባዬ በሐዋሳ የሰፈር ቡድኖች ውድድር ላይ የመስመር ዳኛ ነበር፤ በሥራ ቀን ሂሳብ ያስተምራል፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ባንዲራውን ይዞ መስመር ላይ ይሮጣል። «የመስመር ዳኛ ግማሹ ጆሮ ነው» ይለን ነበር፤ ዓይኑን የመጨረሻው ተከላካይ ላይ ተክሎ፣ ኳሷ ከወዲያኛው እግር መቼ እንደተነሳች የሚያውቀው በድምፅዋ ነው፤ ድው ባለችበት ቅጽበት አጥቂው ተከላካዩን አልፎ ከሆነ ባንዲራ ይነሳል፣ ካላለፈ አይነሳም፣ አለቀ። አለቀ ይበል እንጂ ነገሩ እኛ ቤት አላለቀም።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ቆሞ ሜዳው ሲጠነክር ውድድሩ ይጀመር ነበር። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ባንዲራውን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ወንበር ላይ ታነጥፈዋለች። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ሻዩን ሳይጨርስ ኦፍሳይድ ይማራል፤ አባዬ ብርጭቆዎቹን ይደረድርና፣ ይሄ በረኛ፣ ይሄ የመጨረሻው ተከላካይ፣ የስኳር ዕቃው አጥቂ እያለ፣ ስኳሩን ከብርጭቆው እያሳለፈና እየመለሰ ያስረዳል። ሕጉ ባይኖር አንዱ ሰነፍ በረኛው ጎን ተገትሮ ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲጠብቅ ይውል እንደነበር፣ ድሮ ደግሞ በአጥቂውና በጎሉ መካከል ሦስት ሰው ካልኖረ ይነፋበት እንደነበር፣ ጎል ጠፍቶ ሰው ሲሰለቸው ሁለት ይበቃል እንደተባለ ይተርካል። እንግዶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ምንም ሳይገባቸው ይሄዳሉ። እማዬ ግን ከሁላችንም ቀድማ ገብቷት ነበር፤ ወጥ እያማሰለች «አሁን ስኳሩ አልፏል» ስትለው አባዬ ደስታውን የሚያደርግበት ያጣ ነበር።

የእማዬ ታናሽ ወንድም ላሊሶ ለአንድ የሰፈር ቡድን አጥቂ ነበር። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው እማዬ ናት፤ ስታገባም ይዛው መጥታ እኛ ቤት ነው ጎረምሳ የሆነው። ኋላ ቤት ተከራይቶ ቢወጣም እሁድ ከጨዋታ በኋላ በሐይቁ ዳር በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ በኩል ዞሮ፣ ቆሮሶ ገዝቶ፣ ዓሣው ገና ውሃው ሳይንጠፈጠፍ በሩን በእግሩ እየገፋ ይገባ ነበር። ከዚያ እሱና አባዬ እሾህ እየለቀሙ ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ፤ እማዬ ሁለቱንም እያየች ትበላለች። ከዚያ የሚበልጥ ምግብ ቀምሼ አላውቅም።

በጋው ሲጋመስ ወሬ መጣ፤ ከአዲስ አበባ አንድ አሰልጣኝ ግንቦት ላይ የዋንጫውን ጨዋታ ሊያይ ይመጣል፣ ዓይኑን የጣለውም ላሊሶ ላይ ነው ተባለ። እማዬ ለጸሎት ቤት ስለት ተሳለች። አባዬ በበኩሉ «አማቼ ይጫወታል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብሎ ለውድድሩ ኮሚቴ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ነገር ግን ሌላው የመስመር ዳኛ ታይፎይድ ይዞት ተኛና ሰው ጠፋ። ላሊሶ ራሱ ነው «ጋሼ፣ አንተ ብትሆን ይሻለኛል፤ ቢያንስ አትሰርቀኝም» ብሎ የሳቀው።

እኔና እማዬ አባዬ ከሚሮጥበት መስመር ጀርባ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ነበር። ጨዋታው ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ሲል ከመሐል ሜዳ ድው የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ላሊሶ ግን ድምፁን ሳይጠብቅ ተነስቶ ነበር፣ ተከላካዩን በግማሽ ሰውነት አልፎ። አባዬ እጁን ሳያነሳ እማዬ «ውይ» አለች፣ በጣም በዝግታ። ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች፣ ሰው ሁሉ ተነሳ፣ ላሊሶ ማሊያውን አውልቆ ወደ እኛ እየሮጠ መጣ፤ ከዚያ የተነሳውን ባንዲራ አየ። «ጋሼ?» ብቻ ነው ያለው። ጨዋታው በፍጹም ቅጣት ምት አልቆ የላሊሶ ቡድን ተሸነፈ፣ አሰልጣኙም ከሌላው ቡድን አንድ ልጅ መርጦ ሄደ። ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላችን «አማቹን የበላ ዳኛ!» እያሉ የሚከተሉን ነበሩ፣ ማታም በራችን በድንጋይ ተመታ።

ያን ክረምት ዝናቡ አልቆም አለ፣ ላሊሶም መምጣት ተወ። ባጃጅ መንዳት ጀምሮ ነበርና በደጃችን ሲያልፍ ድምፁን እማዬ ታውቀዋለች፤ እጇ ሽንኩርቱ ላይ ይቀራል፣ ባጃጁ ሲያልፍ እንደገና ትከትፋለች። አባዬን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችውም። ብትወቅሰው፣ ቢጣሉ፣ ብርጭቆ ቢሰበር ይሻለኝ ነበር፤ እኛ ቤት ግን ሁሉም ሰው ጨዋ ሆኖ ቀስ እያለ ይከሳ ነበር።

ጳጉሜ ላይ፣ ቂም ይዘን ዓመቱን አንሻገርም ብለው ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ጋሽ ማርቆስ የሚባሉ፣ አባዬም ላሊሶም እኩል የሚያከብሯቸው ጎረቤታችን ነበሩ። የዚያን ዕለት ጠዋት እማዬ የአባዬን ሸሚዝ ኮሌታ እያስተካከለች «አንድ ቃል ናት፣ አስፋው፤ ምን ትጎዳሃለች?» ስትለው ሰምቻለሁ። 

ላሊሶ በር አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ጋሽ ማርቆስም «አስፋው ልጄ፣ እሱ ወድቋል፣ አንተ ቆመሃል፤ ጎንበስ የሚለው የቆመው ነው። ተሳስቻለሁ በለውና ይብቃ» አሉ።

«ጋሽ ማርቆስ፣ አሳዝኜዋለሁ፤ ለዚያ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ግን ቀድሞ ነበር።»

«ቢቀድምስ? መቅደም ምን ነውር አለው?»

አባዬ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ወይ አባዬ፣ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበ። በረኛውን አስቀመጠ፣ ተከላካዩን አስቀመጠ፣ የስኳር ዕቃውን አሳለፈ። ሽማግሌዎቹ አጎንብሰው አዩ። ጋሽ ማርቆስ የስኳር ዕቃውን በጣታቸው ነካ አድርገው «ታዲያ ጎበዝ ነዋ ልጁ፤ ሌላው ሲያንቀላፋ እሱ ነቃ» አሉ፤ ሁሉም ሳቁ፣ ላሊሶም ሳይቀር ፈገግ አለ። አባዬ እማዬን ቀና ብሎ አያት። እማዬ ነገሩ የገባት ብቸኛ ሰው ነበረች፤ ብርጭቆውንም፣ ሜዳውንም አይታለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወንድሟን ነበር የምታየው።

«ተሳስቻለሁ» አለ አባዬ።

ላሊሶ ተነስቶ ጉልበቱን ሳመው፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ አሜን አልን። እኔ በደስታ ልሞት ነበር። እማዬ ያን ቀን ያበሰለችው ምግብ ለሠርግ የሚበቃ ነበር፣ በቀጣዩ እሁድም ዓሣው በበራችን ገባ። ላሊሶ ግን ከዚያ ወዲህ አባዬን «እርስዎ» ማለት ጀመረ፤ አክብሮት መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ማርቆስ እርቁ ደስ ስላላቸው ለዕድሩም፣ ለጸሎት ቤቱም፣ ለመንገደኛውም አወሩት፤ ክፋት አስበው አልነበረም፣ ለእሳቸው የአስፋው ቃል የትሑት ሰው ቃል ነበረች። ጥቅምት ላይ አባዬ የመጀመሪያውን ባንዲራ ሲያነሳ ከደጋፊው መካከል አንዱ «መምህር፣ ለጳጉሜ ተሳስቻለሁ ትላለህ!» ብሎ ጮኸና ሜዳው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ ተጫዋቾቹ ሳይቀሩ እየመጡ «እንደ ላሊሶው እንዳይሆን» ይሉት ጀመር። ለሌላ ሰው ተሳስቻለሁ ማለት ቀላል ነው፤ የመስመር ዳኛ ግን ከዚያ ወዲያ ምን ይዞ ይቆማል? አባዬ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው አጫውቶ ቤት ገባ፣ ባንዲራውንም ቁም ሳጥን ላይ ወረወረው። በሚቀጥለው እሁድ አልሄደም። እሁድ ከሰዓት ቤት ውሎ አያውቅምና የት እንደሚቀመጥ እንኳ ጠፍቶት ከወንበር ወንበር ሲዘዋወር ትዝ ይለኛል። እማዬ ለብዙ ሳምንታት ቅዳሜ ሲሆን ባንዲራውን ማጠቧን አልተወችም፤ በኋላ እሱም ቀረ።

አሁን ሁላችንም አርጅተናል፣ ኳስም ቴሌቪዥን ውስጥ ገብቷል። ጎል ይቆጠራል፣ ጨዋታው ይቆማል፣ ማሽኑ ሜዳው ላይ ቀጭን መስመር ያሰምራል፤ ማሽን አማች የለውም፣ በሩ በድንጋይ አይመታም፣ ሽማግሌም አይላክበትም። ያኔ ይሄ ቢኖር ኖሮ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ የእማዬ እጅ ሽንኩርቱ ላይ ቆሞ ይታየኝና ማሽኑ ወንድሟን ይመልስላት ነበር ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ላሊሶ ፀጉሩ ሸብቶ ዛሬም እሁድ እሁድ ዓሣ ይዞ ይመጣል፤ መስመሩ ሊሰመር ሲል ግን ሁልጊዜ ስልክ ይደወልለታል፣ ተነስቶ ይወጣል።

ባለፈው እሁድም ላሊሶ እንዲሁ ወጣ። አባዬ ወንበሩ ላይ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ እንደተቀመጠ፣ መስመሩ ሳይሰመር «ቀድሟል» አለ፤ ማሽኑም ቆይቶ ያንኑ አለ።

«አንተ ለመሆኑ ተሳስተህ ታውቃለህ?» አለችው እማዬ እየሳቀች።

«አንዴ፣ ጳጉሜ ላይ» አለ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

እማዬ ሳቋን አቋረጠች። ላሊሶ ስልኩን ኪሱ ውስጥ እየከተተ ተመልሶ ሲገባ ጨዋታው ቀጥሎ ነበር፤ «ምን ሆነ?» ሲል እኔ «ተሻረ» አልኩት፤ እሱም ቦታው ላይ ተቀመጠ።