ከክዳኑ ሥር የተገኘው ሜሞሪ

ሰውየው ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ የጥገና ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ጠጋኟ ቀና ብላ አየችው፤ ካቻቪቴው ከእጇ ሊያመልጣት ምንም አልቀረውም። እሱ አላወቃትም። ከየት ያውቃታል? ሁለት ዓመት ሙሉ በልቧ ስትረግመው የኖረችው እሷ እንጂ እሱማ ወንድሟንም ረስቶታል።

ሙያውን ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ የአንድ ኮሌጅ ኮምፒውተሮች ጠጋኝ ነበር። ይህ ሰው የዚያው ኮሌጅ የሬጅስትራር ኃላፊ ነው። አንድ ጊዜ ላፕቶፑ ከጥገና ሲመለስ እንደ ኤሊ መጎተት ጀመረ፤ ከሁለቱ ሜሞሪዎች አንዱ ብቻ ይታይ ነበር። ኃላፊው ወንድሟን በኮሪደሩ ላይ አስቁሞ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ሌባ አለው። ይከፈትና ይታይ ብሎ ቢለምነው፣ ቀሪውን ደግሞ እንድትወስድልኝ ነው ወይ ብሎ አሳቀበት። ኮሌጁ አሰናበተው። ሌላ ቦታ ሥራ ሊጠይቅ ሲሄድም ወሬው ቀድሞት ይደርስ ነበር። ከተሰናበተ በስምንተኛው ወር ታሞ ሲሞት ለቀስተኛው መሃል እንኳ ያንን ነገር የሚያንሾካሹክ አልጠፋም። እናታቸው ሰማች። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም።

"እህቴ፣ ይግልና ድንገት ጥርቅም ይላል" አላት ሰውየው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባ አለው፤ ሪፖርቱ ያለው እዚሁ ውስጥ ነው።

ድምፅዋን እንደምንም አስተካክላ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚጠፋ፣ የት አስቀምጦ እንደሚሠራ ጠየቀችው። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ ነው አላት፤ እግሩን ያመዋል። አብርታው ጆሮዋን አስጠጋች። ፋኑ እንደ አስም በሽተኛ ያቃስታል፤ በጎኑ ባለው ቀዳዳ ግን የሚወጣ አየር የለም። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ጠፋ። ታችኛውን ክዳን ነካ አድርጋ እጇን አነሳች፤ ያቃጥላል።

ሥራው ቀላል ነው። አቧራውን ጠርጎ፣ ከመዳቡ ቱቦ ሥር የደረቀውን ሙቀት አሳላፊ ቅባት፣ ፔስቱን፣ መቀየር። ደግሞም አቧራውን ብቻ ጠርጋ ፔስቱን ብትተወው ሪፖርቱን በሚያቀርብበት ሰዓት፣ በአለቆቹ ፊት፣ ድርግም እንደሚልበት ታውቃለች። ሐሳቡ ጣፈጣት። ብሎኖቹን እየፈታች አጣጣመችው።

ክዳኑ ሲነሳ ግን ሐሳቡም አብሮ ከልቧ ተነሳ። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ አንዲት የወረቀት ፕላስተር ተለጥፋለች። ወንድሟ የማንንም ማሽን ከፍቶ ሲዘጋ ቀኑንና የዕቃዎቹን ቁጥር እንዲህ ጽፎ ይለጥፍ ነበር፤ ሌሎቹ ጠጋኞች ይስቁበት ነበር። "ሜሞሪ ሁለት" ይላል፤ ከሥሩ የሁለቱ መለያ ቁጥር የመጨረሻ አራት አራት አኃዞች። ወደ ሜሞሪው ቦታ አየች። ሁለቱም አሉ። አንደኛው ግን ማቀፊያው ውስጥ በወጉ ሳይገባ ዘመም ብሎ ቆሟል። ቁጥሮቹን አስተያየች፤ አንድም አልተዛነፈም። ተሰረቀ የተባለው ዕቃ ሁለት ዓመት ሙሉ የከሳሹ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

አላለቀሰችም። ከጎን ፎቶኮፒ ቤት የምትሠራውን ጎረቤቷን ተጣራች፤ ምስክር ያስፈልጋታል።

"ይህን ጽሑፍ ያንብቡልኝ" አለችው ሰውየውን። "ከዚያ ሜሞሪዎቹን ይቁጠሩ። የጻፈው ወንድሜ ነው። ሌባ ያሉት።"

ሰውየው አነበበ፤ ቆጠረ። ነፍሱን ይማረው፣ ያለፈ ነገር ነው፣ አሁን ዝጊልኝና ልሂድ አለ። ጠጋኟ አሥራ ሁለቱን ብሎኖች ከጠረጴዛው ላይ ሰብስባ መዳፏ ውስጥ ጨበጠቻቸው።

"ዘጠኝ ሰዓት ገና ነው። መጀመሪያ ይጻፉልኝ።"

ዕቃዬን በግድ ልትይዢ ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። አልያዝኩም፣ ተበትኖም ቢሆን መውሰድ ይችላሉ አለችው። ሰዓቱን አየ፤ ወረቀት ጠየቀ። በመጀመሪያ የጻፈው፣ ቀደም ሲል ስህተት ተፈጥሮ ነበር የሚል ነው። ጎረቤቷ በትከሻው አሻግራ አነበበችና "ማን ፈጠረው? እንጉዳይ ነው እንዴ በራሱ የሚበቅል?" አለችው። ሁለተኛው ወረቀት ላይ፣ የኮሌጁን ባለሙያ ሳላጣራ ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ ብሎ ጻፈ። ጠጋኟ አንድ መስመር አስጨመረችው፤ ባለሙያው አንዱን ሜሞሪ በደንብ ገፍቶ አላስገባውም፣ አልሰረቀም።

"አንቺ፣ የወንድምሽን ጥፋት ምን አስጻፈሽ?" አለች ጎረቤቷ።

"ጥፋቱ ይቺ ናት። አንዴ በአውራ ጣት አለመጫኑ። ሌላ እንዳልነበረበት ሰው ይወቅ።"

ከፈረመ በኋላ እንደ ብርድ ልብስ የተደራረበውን አቧራ ጠረገች፤ እንደ ጠመኔ የሚፈረፈረውን ፔስት አንስታ አዲስ ቀባች፤ ሜሞሪውን ቀጭ እስኪል ድረስ አስገባችው። ግማሽ ሰዓት አሠርታ አየችው፤ አልጋለም። ተጠግኗል አለችው። ሰውየው ቦርሳውን እያነገተ፣ እንግዲህ ይቅር ተባብለናል አላት።

"ተጠግኗል ነው ያልኩት" አለችው።

ማታ ቤት፣ እናቷ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

"ማኅተም የለውም" አለች። "ጎረቤት ይሄን በእጅ የተጻፈ ነገር የት ያምንልኛል?"

በማግስቱ ጠዋት፣ ባለጉዳይ በሚበዛበት ሰዓት፣ ጠጋኟ የኮሌጁ ሬጅስትራር ቢሮ ተገኘች። ጸሐፊዋ ጉዳይሽ ምንድን ነው ብትላት ወረቀቱን አውጥታ፣ በሩ ድረስ የቆመው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከራስጌው እስከ ፊርማው አነበበችላት። ኃላፊው ከውስጥ ወጣ፤ ቀና ሳይል መሳቢያውን ከፍቶ ማኅተሙን አነሳና መታው።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጋ አየችው።

"በደንብ አልወጣም" አለችው። "ይድገሙት።"