ማተቤ ላይ የነበረው ቁልፍ

ልጄ የጫማዋን ክር ማሰር ሲያቅታት ነው አንድ ነገር እንደሆንን የገባኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጫማ ማሰር የቻለችው ገና ድሮ ነው። ያን ሐሙስ ጠዋት ግን ለትምህርት ቤት ስትነሳ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ክሩን ይዛ ታየዋለች፣ ጣቷ አይታዘዝላትም።

«ምን ሆነሻል?»

«ማሚ፣ ክሩ ሁለት ሆነብኝ።»

ፊቷ ነጥቷል። ግንባሯን ነካሁት፣ ትኩሳት የለም። የእኔም ራስ ከነጋ ጀምሮ እየወቀረኝ ነበር። ሁለታችንንም ባንድ ጠዋት ምን ያዘን ብዬ ሳስብ ዓይኔ የማሞቂያው ክፍል በር ላይ አረፈ። የቆለፍኩት እኔ ነኝ።

ለምን እንደቆለፍኩት ልናገር። የምንኖረው በሰው አገር፣ ኤግሊንተን ዌስት ከሚባለው ጎዳና ገባ ብሎ ባለ ቤት፣ ከምድር በታች ቤዝመንቱ ውስጥ ነው። ለቅበላ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ከከተማ ውጭ ካለ እርሻ አንድ በሬ ገዝተን ቅርጫ ተካፍለን ነበር። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ከድርሻዬ ብዙ ተረፈኝ። ሥጋ አይጣል ነገር፤ ዘለዘልኩት፣ ጨውና በርበሬ አሸሁት፣ ለፋሲካ ቋንጣ ይሆነኛል ብዬ። በዚያ ብርድ የሚደርቅበት ቦታ ደግሞ የማሞቂያው ክፍል ብቻ ነው። የገመዱን አንድ ጫፍ ከሚስማር፣ ሌላውን ከማሞቂያው ወደ ላይ ከሚወጣው የቆርቆሮ ቱቦ ጋር አሰርኩት።

ከላያችን የሚኖሩት ጃማይካዊት እናት ሽታው ደረሳቸው። አንድ ቀን በር ላይ አግኝተውኝ «ዳርሊንግ፣ እታች ምን ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ። ስቄ አለፍኩ፣ በሩን ግን ቆለፍኩት። እሳቸው ግን ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ደውለው ኖሯል።

ከዚያ የተላከች የቤት ኢንስፔክተር ማክሰኞ መጣች። እኔ ኢንስፔክተር ሲባል ቤት የሚያሽግ ሰው ነው የሚመስለኝ፤ ልጄን ይዤ በበረዶ የት እገባለሁ? ፍሪጁን ከፍታ ቴርሞሜትር ጨመረችበት። ከሲንኩ ሥር በባትሪ አየች። ጣሪያው ላይ ያለው የአደጋ አላርም ለምን እንደማይሠራ ጠየቀችኝ። ሽንኩርት ባቁላላሁ ቁጥር ስለሚጮህብኝ የባትሪ ድንጋዩን አውጥቼ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ውስጥ ከትቼዋለሁ። «ዛሬውኑ መልሺው» አለችኝ። እሺ አልኩ። አልመለስኩትም።

ከዚያ ያንን በር አየች። «እዚህስ?»

«ኖ ኪ» አልኳት። ቁልፍ የለኝም፣ የቤቱ ባለቤት ጋ ነው።

ቁልፉ እኮ ማተቤ ላይ ነበር። ከክሩ ጋር አስሬው፣ ከሸሚዜ ሥር፣ ደረቴ ላይ። ማተብ ያላት ሴት አትዋሽም ይባላል፤ እኔ በጾም፣ ማተቤን ከነቁልፉ አንጠልጥዬ ዋሸሁ። አርብ ከባለቤቱ ጋር እመለሳለሁ ብላ ካርዷን ሰጥታኝ ሄደች። እኔም ሐሙስ ሥጋውን አወጣዋለሁ አልኩ። ሐሙስ ይኸው መጣ።

ሌላ የማውቀው ስልክ ስላልነበረኝ የኢንስፔክተሯ ካርድ ላይ ወዳለው ደወልኩ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ እንግሊዝኛዬ ለገበያ እንጂ ለጭንቅ አይሆንም። «አምሃሪክ፣ አምሃሪክ» አልኩ። ጠብቂ አሉኝና አንድ ወጣት አስተርጓሚ መስመሩ ላይ ገባ። ያመመንን ነገርኩት።

«እትዬ፣ ቤት ውስጥ ጋዝ ይኖር ይሆን ወይ ይላሉ።»

«ኧረ እኛ ጋዝ የለንም ልጄ። ምድጃችን የኤሌክትሪክ ነው። ቢኖርማ ይሸተኝ ነበር።»

እኔ ጋዝ ሲለኝ የታየኝ ላምባው ነው፣ ልጅ ሆኜ ኩራዝ ውስጥ የምጨምረው። እሱ የሚተረጉመውን ትቶ ከራሱ አፍ ተናገረኝ፣

«እትዬ፣ ላምባ አይደለም። ይሄኛው ከማሞቂያው የሚወጣ ነው፣ አይሸትም። ልጅዎን ይዘው አሁን ይውጡ። ካፖርት እንኳ አይፈልጉ። እሳት አደጋ እየተጠራልዎት ነው።»

ልጄን በብብቷ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። አሥራ ሁለት ደረጃ ነው። መሃል ላይ ተቀመጥኩ። እዚህ ብተኛስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፣ እንቅልፉም ጣፋጭ ነበር። ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው። «ማሚ፣ ተነሺ» አለችኝ። ተነሳሁ።

የላይኛዋን እናት በር በእግሬ ደበደብኩት። በነጠላ ጫማ ወጡ፣ አዩን፣ ምንም ሳይጠይቁ ካፖርታቸውን ለልጄ አልብሰው ከእኛ ጋር በረዶው ላይ ቆሙ።

እሳት አደጋዎቹ ወዲያው ደረሱ። አንደኛው መለኪያውን ይዞ ገብቶ ተመለሰና የዚያን ክፍል ቁልፍ ጠየቀኝ። ልፈታው ብሞክር አሁን የእኔም ጣት እንቢ አለ። ማተቤን ከነቁልፉ በአናቴ አውጥቼ ሰጠሁት።

ቱቦው ከመጋጠሚያው ተላቆ የማሞቂያውን መርዝ ወደ ቤት ይለቅብን ነበር። የጎተተው እኔ የሰቀልኩት ሥጋ ነው።

ኢንስፔክተሯ አምቡላንሱ በር ላይ ደረሰችብን። «ቁልፉ እኔ ጋ ነበር» አልኳት በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ። ለከተማው የደወሉት ጎረቤቴ አቀርቅረው በረዶውን አዩ።

«ሥጋው ይጣላል» አለች ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ። «ቱቦው ይሠራል። አላርሙን እኔው ራሴ እሰቅለዋለሁ። አንቺን አላስወጣም።»

ሆስፒታል ለሁለታችንም ኦክስጅን አደረጉልን። ልጄ ከቀትር በኋላ ጭንብሉን ገለጥ አድርጋ፣

«ማሚ፣ ቋንጣውስ?»

«ተጣለ።»

«ኦል ኦፍ ኢት?»

«ሁሉም። መልሺው አፍሽ ላይ።»

ማታ ነርሷ ደማችሁ ጸድቷል አለችን። ማተቤን መልሰውልኛል፣ ቁልፉ ግን የለበትም። ልጄ ተርፋለች፣ እኔም ተርፌያለሁ። ደህና ነን።