ኩርፊያ የመሰለው ስትሮክ

መጀመሪያ ያቃተኝ «አባታችን ሆይ» ማለት ነው። እሑድ ጠዋት፣ ባሕር ማዶ፣ ሂሊያርድ በሚባል ሰፈር በሚገኘው የልጄ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ለጸሎት ቆሜ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ። አፌ ደርቆ መስሎኝ ውኃ ልጠጣ ወደ ላይ ወጣሁ።

ልጄ ሰናይት ኩሽና ነበረች። ከሐሙስ ጀምሮ አላናግራትም። ሳታማክረኝ ሊንደን ሰፈር ብቻዬን የምኖርበትን አፓርታማ አስለቅቃ ምድር ቤት አስገብታኛለች። ይህን ዛሬም ይቅር አላልኩም።

«ደህና አደርሽ፣ እማዬ?»

በብርጭቆ ውኃ ቀዳሁ።

«አሁንም አልበቃሽም? እሺ፣ ዝም ማለት እኔንም አያቅተኝም።» ጀርባዋን ሰጠችኝ።

የእኔ ልጅ አይደለች? እኔም ከእናቴ ነው የወሰድኩት። እናቴ አባቴን እንዳኮረፈችው ነው የቀበረችው።

ብርጭቆው ከቀኝ እጄ ወደቀ። «ጭራሽ መወርወር ጀመርሽ!» ብላ ዞረች። በአንድ ጎን የወረደውን ፊቴን አየች። ጮኸች።

ሆስፒታል ሐኪሙ ጠየቃት። «እናትሽ ለመጨረሻ ጊዜ በደህና የተናገሩት መቼ ነው?»

«ሐሙስ» አለች። «እኔ እኮ አኩርፋኝ መስሎኝ ነው።»

«የጀመረበት ሰዓት ካልታወቀ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ልሰጣቸው አልችልም። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል።»

ሰዓቱን አውቃለሁ። ሁሉንም እሰማለሁ። ሰዓቱን በምልክት ልነግራቸው ግራ እጄን አነሣሁ። ነርሷ መልሳ አስተኛችው። መድኃኒቱ አመለጠኝ።

ሕመሙ አፌዥያ ይባላል፤ ሐሳብ ሳይጠፋ ንግግር ይጠፋል። ቃላቴን አንድ በአንድ የመለሰችልኝ የንግግር ቴራፒስቷ፣ በተናደድኩ ቁጥር ምላሴ እንደሚተሳሰር አይታ ማይንድፉልነስ የሚባለውን የጥሞና ልምምድ ወደሚያስተምሩበት ክፍል ላከችኝ። አስተማሪዋ ጡረታ የወጣች ቬትናማዊት ነርስ ናት፤ ቡድሂስት። ሆስፒታል ብቅ ያላሉት የማኅበራችን ሴቶች «ሃይማኖቷን ለወጠች» ለማለት ሂሊያርድ ድረስ መጡ። አልለወጥኩም። የተማርኩት ተቀምጬ ትንፋሼን መከታተል፣ ኩርፊያው ደረቴ ላይ ሲወጣ ሳላባርረውና ሳላጅበው «መጣህ» ማለት ነው።

አንድ ቀን አስተማሪዋ «ይህን ዝምታ ማን ሰጠሽ?» አለችኝ።

«እናቴ።»

«ለእሷስ?»

አላውቅም ነበር። አያቴም፣ ከአያቴ በፊት ያሉትም ሴቶች ጎን ለጎን ዝም ብለው ተቀምጠው ታዩኝና ደነገጥኩ፤ ሰናይትም በመጨረሻው ወንበር ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ከጸሎቴ በኋላ፣ ጥቂት ጊዜ ትንፋሼን እያዳመጥኩ እቀመጣለሁ፤ ኩርፊያው መምጣቱን አልተወም፣ እኔ ግን ሳይውጠኝ በፊት ስሙን መጥራት ለምጃለሁ።

ለቴራፒስቷና ለአስተማሪዬ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሰናይትንም አመሰግናለሁ፤ ፊቴን ስታይ አምቡላንስ ለመጥራት አልዘገየችም። እናንተ ግን ቤታችሁ የሚያኮርፍ ሰው ካለ ዝምታውን አትመኑት። ሁለት እጁን እንዲያነሣ፣ ፈገግ እንዲል ጠይቁት። አንዱ ጎን ከዘገየ ወዲያው ለአምቡላንስ ደውሉ፤ ሰዓቱንም ያዙ። የምታኮርፉም፣ ማኩረፋችሁን በአፋችሁ ተናገሩ።

እኔ እናገራለሁ። ባለፈው ሳምንት በዚያው በቤዝመንቱ ነገር ተጣላንና «ሰናይት፣ አኩርፌሻለሁ» አልኳት።

«እሺ እማዬ፣ መብትሽ ነው። ግን መጀመሪያ ፈገግ በይልኝ።»

«ሂጂ ከዚህ!»

«ፈገግ ካላልሽ ንቅንቅ አልልም።»

እንደተናደድኩ ፈገግ አልኩላት። ሁለቱም የከንፈሬ ጫፎች እኩል መነሣታቸውን ጎንበስ ብላ አይታ ወደ ሥራዋ ሄደች።