አንድ እንስራ ውሃ

በ፲፰፻፶፩ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በበጋ ነው። የዐቢይ ጾም ቅበላ ዕለት ነበር። ቤታችን ከደብረ ታቦር በታች፣ ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ነበረ። ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ በቤቱ የቀረነው እኔና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ነን።

ባገራችን ጾም ሊገባ ሲል ቅቤና ሥጋ የነካው ዕቃ ሁሉ ይታጠባል። ድስቱ በአመድ ይፈተጋል፣ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይለቀለቃል፤ በዚያው ያበቃል። ጎረቤቶቼ እስከ ቀትር ይጨርሱት ነበር። እኔ አልጨርስም። መጀመሪያ ስለ ሥላሴ ብዬ ሦስት ጊዜ አጥብ ነበር። ኋላ ሰባት ሆነ፤ ከዚያም አሥራ ሁለት። መካከል ላይ ቁጥሩ ከጠፋኝ እንደ ገና ከአንድ እጀምራለሁ። ልቤ፣ «ቅቤው አለ፤ ልጅሽን ጾም ታስገድፊያታለሽ» ይለኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ በሰው ቤት እህል አልቀመስሁም፤ ወደ ቅዱስ ቁርባንም አልቀረብሁም። ለሰው ጽድቅ መሰለው። ለእኔም መሰለኝ።

ውሃውን የምትቀዳው ልጄ ነበረች። በዚያ ዕለት አራት ጊዜ ወንዝ ወርዳ ወጣች። አምስተኛውን ሳዝዛት እንስራውን ታቅፋ ቆመች።

«እምዬ፣ ድስቱ እኮ ሳሳ። ለፋሲካ በቀዳዳ ድስት ልንገድፍ ነው።»

«ሂጂ አልሁሽ!»

ሄደች። ስትመለስ ዳገቱ ላይ ወደቀች። እንስራው አንገቱ ተሰበረ፤ ገሉ የቀኝ መዳፏን ሰነጠቀው። ከታች የቀረውን ውሃ ግን አልጣለችውም፤ ታቅፋው መጣች። ደሟ ውሃው ውስጥ ጠብ ሲል አየሁ። እጇን አላየሁም። ውሃው ረከሰ ብዬ ደጅ አፈሰስሁት።

«ደፋሽው?» አለች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ገሳይ ወዳለችው የአባቷ እኅት ዘንድ ሄደች። ከደጅ ዞር ብላ፣ «ዕቃሽ ሲጠራ ላኪብኝ» አለችኝ።

ወደ ነፍስ አባቴ ሄድሁ። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ። ልጄን ከቤቴ አባረርኋት።»

ሁሉን ነገርኋቸው። ብዙ ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ነበር። ሳቁብኝ።

«እግዚአብሔር ድስት እያሸተተ የሚዞር ይመስልሻል?»

«ኃጢአት ቢሆንብኝስ?»

«በእኔ ራስ ይሁን። ስግደት ብሰጥሽ እሱንም አሥራ ሁለት ጊዜ ትደጋግሚዋለሽ። ቀኖናሽ ይህ ነው። አንድ ዕቃ አንድ ጊዜ ታጥቢያለሽ። ውሃውን ራስሽ ትቀጃለሽ፤ በቀን አንድ እንስራ። ልብሽ ተመለሺ ሲልሽ ደጅ ወጥተሽ ጥጥ ፍተይ፤ አንድ እንዝርት ሳይሞላ አትነሺ። ጾሙንም እንደ ሕጉ በዘጠኝ ሰዓት ፍቺ፤ ካንቺ የምትጨምሪው የለም። የተራበ ሰው ክፉ አሳብ አይለቀውም።»

«ዕቃው እንደ ጠራ እየመጣሁ ልጠይቅዎ?»

«አትጠይቂኝ። በጠየቅሽኝ ቁጥር በሽታሽን አበላዋለሁ።»

አዲስ እንስራ ገዝቼ የመጀመሪያውን ውሃ አዝዬ ዳገቱን ስወጣ ወገቤ ተቆረጠ። ልጄ ይህን አምስት ጊዜ ማዘሏን ያን ዕለት አወቅሁ። ድስቱን አንድ ጊዜ አጥቤ ሰቀልሁት። ከዚያ ደጅ ተቀምጬ ልቤ ተመለሺ እያለኝ ፈተልሁ። ክሩ ወፍራም፣ ጉጥ የበዛበት ሆነ። እንዝርቱ ሲሞላ ጭንቀቱ ጥቂት ቀለለኝ፤ አልሄደም።

በሦስተኛው ሳምንት ተሸነፍሁ። ድስቱን አውርጄ አራት ጊዜ አጠብሁት። ለነፍስ አባቴ ብናዘዝ አልተቆጡኝም። «ነገ ደግሞ አንድ ጊዜ» ብቻ አሉኝ። እንደ ገና ጀመርሁ። የሚያዝዘኝ ሰው ስለ ሰጠኝ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ልጄ ከአክስቷ ጋራ ገበያ ወጥታ፣ ብቻዋን ወደ ቤት መጣች። ግን አልገባችም፤ ከደጃፉ ቆመች።

«ዛሬ ስንት እንስራ ቀዳሽ?»

«አንድ።»

«ዋሸሽ።»

«ማድጋውን እዪ።»

ገብታ አየች። ሽሮ አቀረብሁላት፤ በግራ እጇ በላች። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አልዘረጋ ብለዋል። ልዳስሳት ብል ሸሸገችብኝ።

«ልጄ፣ ቤትሽ ግቢ እንግዲህ።»

«ቤቴ አክስቴ ዘንድ ነው።»

«እንግዲያ እኔ ልምጣ።»

«ምን ልትሠሪ? የሰው ዕቃ አገላብጠሽ ልታሸቺ? ከመጣሽ የቀረበልሽን ትበያለሽ። ማን እንዳጠበው፣ ስንቴ እንዳጠበው አትጠይቂም። አክስቴን ደጅ ላይ ብታሳፍሪያት ዳግመኛ አታዪኝም።»

«እሺ» አልኋት። ነጠላዋን ተከናንባ ሄደች። ይቅር አላለችኝም። 

በማግስቱ ጠዋት ልጄ የበላችበትን ገበታ አንድ ጊዜ አጠብሁ። በሩን ዘግቼ ወደ ገሳይ መንገድ ወጣሁ። ወንዙን እንደ ተሻገርሁ ልቤ፣ ገበታው አልጠራም፣ ተመለሺ አለኝ። ማተቤን ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ሰርዶ ከበቀለበት ሜዳ ስደርስም ተመለሺ አለኝ። አልተመለስሁም።