ከፍ ያለችው ጭረት

አክስቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳንቲም ስትለቅም ኖራለች። ከመንገድ ላይ አይደለም፤ ሳንቲም በሚመታበት ፋብሪካ ውስጥ፣ ከሚጓዘው የጎማ ቀበቶ ላይ ነው። አዲስ የተመቱት ሳንቲሞች ገና ትኩስ እንደሆኑ በፊቷ ሲያልፉ፣ የተጣመመችውን፣ ጎኗ ያልታተመውን፣ ሁለት ጊዜ የተመታችውን እየነጠለች እግሯ ሥር ወዳለው ጣሳ ትጥላለች። ጣሳው ሲሞላ ተመልሶ ይቀልጣል።

ጡረታ ስትወጣ የግድግዳ ሰዓት ሸለሟት። ከመስታወቱ ሥር «አንዲትም አላመለጠቻትም» የሚል ተቀርጾበታል። ሰዓቱን ሳሎኗ ውስጥ ከበሩ ትይዩ ሰቀለችው። እንግዳ ሲመጣ፣ «እስቲ ስንት ሰዓት እንደሆነ እይልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል» ትለዋለች። ዓይኗ ከእኔ ዓይን ይሻል ነበር። እንግዳው ጽሑፉን እንዲያነብላት ፈልጋ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ስማር ከእሷ ጋር ነበር የምኖረው። በእነዚያ ዓመታት የሰፈሩ ሰው የተበላሸ ሳንቲም ይዞ ቤታችን ይመላለስ ነበር። ሳንቲም ሰብሳቢዎች ፋብሪካው ያበላሸውን ከደህናው አብልጠው ይወዱታል፤ በዚህም የተነሳ አጭበርባሪው ብዙ ነው። ደህናውን ሳንቲም በሞርሳ መንጋጋ ጨፍልቆ፣ በሞረድ በልቶ «ከፋብሪካው እንዲህ ሆኖ የወጣ ነው» እያለ ይሸጣል። አክስቴ ግን አትታለልም።

የሚያስቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ሳንቲሙ ፎርጅድ ሲሆን ፊቷ ይፈካል፤ የከሰረውን ሰውዬ ሻይ ጋብዛ፣ አጽናንታ ትሸኘዋለች። እውነተኛ ሲሆን ግን ባለ ሳንቲሙ እየፈነጠዘ ይወጣል፣ እሷ ሐዘን እንደ ደረሰባት ሰው ትቀመጣለች። «በማን ተራ ይሆን ያመለጠችው?» ትላለች። ከዚያ ዓመተ ምሕረቱን ታይና፣ «ተመስገን፣ ይቺ እኔ ሳልቀጠር የወጣች ናት» ብላ ትተነፍሳለች።

አንድ ቅዳሜ ጧት የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ መጣ። ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም።

«እትዬ፣ ዛሬ ዓይንዎን ፈልጌ ነው።»

«ፀጉሬን ብትፈልግ ነበር የምደነግጠው። ቁጭ በል።»

ከደረት ኪሱ በጥጥ የተጠቀለለች ሳንቲም አወጣ። ከእናቱ የልብስ ስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ ነው ያገኛት። ምስሏ ወፍ ነው፤ ወፏ ግን ከመሃል ተንሸራታ ጭራዋ ከጠርዝ ውጭ ቀርቷል፣ በሌላው ወገን እንደ ጨረቃ ክፋይ ያለ ባዶ ቦታ አለ። ከወፏ አንገት እስከ ክንፏ ድረስም እንደ ክር የቀጠነች ጭረት ትታያለች።

«ሰብሳቢው፣ እትዬ በእጃቸው ጽፈው ከፈረሙልህ ዛሬውኑ እወስዳታለሁ ብሎኛል። ሁለተኛ ወንበር እገዛባታለሁ። ደንበኛው ቆሞ መጠበቅ ሰልችቶታል።»

«አይ አንተ! ደንበኛው የሚቆመውማ ራስህን አይቶ ሊያመልጥ ሲል ነው።»

እየሳቀች ዓመተ ምሕረቱን አየች። ሳቋ ቆመ። ሳንቲሟ እሷ ቀበቶው ፊት በተቀመጠችበት ዘመን የወጣች ነበረች።

ትንሿን የወርቅ መመዘኛ እንዳመጣላት አዘዘችኝ። በሞረድ የተበላች ከሆነች ክብደቷ ይጎድላል፤ አልጎደለም። በማጉያ መነጽር ጠርዟን ዞረችው። የሞርሳ ጥርስ ያረፈበት ቦታ ፈለገች፤ የለም። አፈላለጓን ሳይ አንጀቴን በላችው፤ ፎርጅድ እንድትሆንላት እየለመነች ነበር።

«ጭረቷ ቀረችኝ» አለችኝ። «ሰው በመርፌ ጭሯት ከሆነ ትጎደጉዳለች። የሚያትማት ብረት ተጭሮ ከሆነ ግን እዚያ የጎደጎደው እዚህ ከፍ ይላል።»

ጥፍሯን በጭረቷ ላይ አስኬደች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ነይ፣ አንቺ ዳሺያት።»

ጥፍሬ ተደናቀፈ። «ከፍ ብላለች፣ አክስቴ» አልኳት። ሳላስበው ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ። እሷም አየችው። በዚያች ደቂቃ «ፎርጅድ ናት» ብትል የሚከራከራት ሰው አልነበረም። ወንበሩ ይቀራል፣ ሰዓቱ ግን እንደተከበረ ይኖራል።

ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን አስግጎ ሳንቲሟን አየ። «ምነው እትዬ? ሳንቲሟ ታማለች እንዴ?»

«ይቺን ጭረት አውቃታለሁ» አለች። «የጫራት ባለቤቴ ነው።»

ባለቤቷ የፋብሪካው መካኒክ ነበር። እኔ የማስታውሰው በጥቂቱ ነው፤ ትልልቅ እጆቹን፣ የቱታውን የዘይት ሽታ። ሳንቲሟ በተመታችበት ዕለት ጧት ማተሚያውን ብረት እያጠበቀ ሳለ ካቻቢቴው ከእጁ አምልጦ ብረቱን ጫረው። ማንም ሳያይ ማሽኑ እስከ ቀትር ሠራ። ሲታወቅ የጧቱ ምርት ሁሉ ቀበቶው ላይ ተዘርግፎ አክስቴ «ባለ ጭረቷን ሁሉ ልቀሚ» ተባለች።

«ከሰዓት በኋላ ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ለቀምኩ። መውጫችን ሲቃረብ ወጣቱ መካኒክ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እስከዚያ ቀን አንድ ቃል አናግሮኝ አያውቅም። ‹ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ዛሬ ያደከምኩሽ እኔ ነኝ። ካቻቢቴውን ስይዝ ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር› አለኝ። ‹የት ነበር?› አልኩት። ‹እዚህ› አለኝ።»

ሳንቲሟን በመዳፏ ላይ ገለበጠቻት።

«ያኔ ነው ቀና ያልኩት። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ጊዜ።»

ፀጉር አስተካካዩ መሐረቡን አውጥቶ ራሱን ጠረገ፤ ቀጥሎ ዓይኑን። «እንግዲያው የእርስዎ ናት እትዬ። ይያዟት።»

«ዝም ብለህ ወንበርህን ግዛ!» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ስስ ወረቀትና እርሳስ አምጪልኝ።»

ወረቀቱን ሳንቲሟ ላይ አድርጋ በእርሳስ ቀስ እያለች አሸችው። ወፏ ብቅ አለች፤ ጭረቷም ጠቁራ ወጣች። ሁለት ቅጂ አወጣች። በአንደኛው ሥር፣ «እውነተኛ ናት። ከፋብሪካው ስትወጣ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። አምልጣኛለች» ብላ ጽፋ ፈረመች። ፀጉር አስተካካዩ ወረቀቱን እንደ ዕንቁላል ይዞ ወጣ። ሁለተኛውን በመቀስ ዙሪያውን ከቆረጠችው በኋላ ወንበር ላይ ቆማ፣ «አንዲትም አላመለጠቻትም» ከሚለው ቀጥላ ለጠፈችው። እኔ እግሯን ይዤላት ነበር።

አሁን ሰዓቱ እኔ ክፍል ውስጥ ነው። አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል፤ አላስተካከልኩትም። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ወፏ ግን አልጠፋችም።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላም ሰዉ ሳንቲም ይዞ መምጣቱን አላቆመም። አክስቴ እንደ ወትሮዋ ትመዝናለች፣ በማጉያ ታያለች፣ በጥፍሯ ትዳስሳለች። እውነተኛ ስትሆን ግን ማኩረፍ ትታ ነበር። ሳንቲሟን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ታደርግና ፈገግ ብላ፣

«ማን ይሆን ቀና ያለው?» ትል ነበር።